ጨረቃ አቅራብ የገባች ሰሞን

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ጥሩነህ ነው። ጊዜው ጣሊያን ጎጃም በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ስሙን የምጽፈው ዛሬም በየሰርጉ ቀን ቆጣሪ እየተባለ ከፊት ስለሚቀመጥ ነው።

ባሌን አያሌውን ለአርበኞች እህል ሰጥተሃል ብለው ደጀን አስረውት ነበር። እስረኞቹን በካሚዮን ዓባይን ሊያሻግሯቸው ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ከተሻገረ አላገኘውም። የእስር ቤቱ አስተርጓሚ የጥሩነህ የቅኔ ተማሪ ስለነበር ያለ ጥሩነህ የሚያስገባኝ የለም። ከደብረ ኤልያስ በማለዳ ተነሣን፤ እሱ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። ለአያሌው ጋቢና በሶ ይዣለሁ።

ደብረ ማርቆስ

ኬላው ላይ ባንዶቹ በሶዬን በእጃቸው እየዛቁ ፈተሹት። የጥሩነህን ጥምጥም ሲያዩ ግን ጎንበስ ብለው አሳለፉት። ማታ ዘመድ ቤት አረፍን። ጥሩነህ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ሲያይ ቆየና «ነገ አንሄድም» አለ።

«ምን ተገኘ?»

«ጨረቃ አቅራብ ገብታለች፤ ጊንጡ ኮከብ ውስጥ። ያችትና፣ ከቀይዋ ኮከብ አጠገብ። ቀይዋ የጊንጡ ልብ ናት።»

ጨረቃ ሃያ ስምንት ማረፊያ አላት አለኝ፤ በየሌሊቱ አንዱን ትታ ሌላው ላይ ታድራለች። የጊንጡን ማረፊያዎች አልፋ እስክትሄድ ድረስ መንገድ የጀመረ ሰው በደኅና አይመለስም።

«ጉዞውን እኮ ከቤት ስንወጣ ጀምረነዋል፣ መሪጌታ።»

«ያደሩበት ቦታ አዲስ መነሻ ነው፣ ማንጠግቦሽ። አንቺ ይኼን አታውቂም።»

ጬሞጋ ማዶ

በማግስቱ ረፋድ ላይ በቅሎዋ የለችም። የቤቱን እመቤት ብጠይቃት፣ ከጬሞጋ ወንዝ ማዶ ተዝካር ተጠርቶ ሄደ አለችኝ። ጬሞጋ ያለው ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ጠጁ ፊቱን አቅልቶት ተመለሰ።

«ከተሻገሩ አይቀር ለምን አላስጠሩኝም? ከዚያው እንቀጥል ነበር።»

«ተዝካር መሄድ ጉዞ አይባልም።»

«ወንዝ ተሻግረዋል።»

«ጬሞጋ በበጋ ምን ወንዝ ነው? የበቅሎዋን ኮቴ እንኳ አላራሰም። ሥጋውም ቀዝቅዞ ነበር፤ ምንም አልቀረብሽም።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱም እዚያው ዋልን። ሰው እየተሰለፈ የዘር ቀን፣ የሰርግ ቀን ያስቆጥረዋል። እኔ ጥግ ይዤ ጋቢውን እያጠፍኩ መልሼ እዘረጋለሁ።

ሉማሜና ደጀን

ጨረቃ ከቀይዋ ኮከብ ርቃ ስትታይ ተነሣን። ሉማሜ የገበያ ቀን ነበር፤ ጨው በጣም ተወዶ ሰው ዋጋ እየጠየቀ ብቻ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ማሳው ሁሉ ታርሶ ጠቁሯል። ጥሩነህ በየዛፉ ጥላ ልረፍ እያለ አዘገየኝ።

ደጀን ስንደርስ የእስር ቤቱ ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ማንም የለም። ፊት ለፊቱ ሱቅ ያላቸውን ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ጠየቅኋቸው።

«ትናንት ጠዋት ጫኗቸው፣ ልጄ። ቁልቁለቱን እስኪወርዱ አቧራቸው ይታይ ነበር።»

«ረጅም፣ ግራ ጆሮው የተቆረጠ ሰው አይተዋል?»

«አይቻለሁ። በሸሚዝ ብቻ ነበር፣ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል። በማርቆስ በኩል ያለውን መንገድ መላልሶ ያይ ነበር።»

ጥሩነህ ከበቅሎዋ ሳይወርድ ራሱን ነቀነቀ። «አላልኩሽም? አቅራብ ነው። ቀድመን ብንደርስ እኛንም ይጭኑን ነበር።»

መልስ

ስንመለስ ጬሞጋን እሱ በበቅሎ ተሻገረ፤ እኔን ውኃው እስከ ባቴ ደረሰኝ። ቤት ስደርስ ልጄ አልጋነሽ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ክንዴ ላይ ያለውን ጋቢ አየችና ተቀብላኝ ገባች። አያሌው ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ከጉዞው ያተረፍኩት ቀይዋን ኮከብ ለይቶ ማወቅ ብቻ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አልጋነሽ ስትታጭ ጥሩነህ የሰርጉን ቀን ልቁጠር ብሎ ላከብኝ። አያስፈልግም አልኩት። ማታ ማታ ደጅ እየወጣሁ ራሴ አየሁ። ጨረቃ ከቀይዋ ኮከብ አጠገብ ባደረች ማግስት ልጄን ዳርኳት። ጋቢውን ሙሽራው ለበሰው። ጥሩነህን አልጠራሁም።