የላይኛው አቤና የታችኛው አቤ

ባለፈው ቅዳሜ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ልገዛ እዚህ ጣልያን አገር ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገብቼ ሳለሁ፣ ከእስያ ዕቃ ሻጮቹ አንዷ ከረጢት ፈትታ ቢጫ ዱቄት በማንኪያ ስትሰፍር ሽታው ድንገት መጣብኝ፤ እግሬም እዚያው ተተክሎ ቀረ። በመጀመሪያ በሶ መሰለኝ። በሶ ግን አልነበረም፤ ከበሶ ለስለስ ያለ፣ ወደ ለውዝ የሚያደላ፣ ተቆልቶ የተፈጨ የአኩሪ አተር ሽታ ነው። ሴትዮዋ ጃፓኖች በጣፋጭ ላይ የሚነሰንሱት ዱቄት መሆኑን ልታስረዳኝ ስትጀምር አውቀዋለሁ አልኳት። ሰው ከኋላዬ እየገፋኝ፣ አሳ ሻጩ እየጮኸ፣ እኔ አርባን ያለፍኩ ሴትዮ ልጅ ሆኜ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር።

ያ ግቢ ከገበያው ብዙም አይርቅም። አባቴ አበበ የአንድ አሮጌ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ፖርቲዬሬ ነበር፤ በር ይጠብቃል፣ ደረጃ ያጥባል፣ ፖስታ ያድላል፣ የአሮጊቶችን የገበያ ቦርሳ ተሸክሞ ይወጣል። ለሥራው ተብሎ የተሰጠን ምድር ቤት ያለ ሁለት ክፍል ሲሆን፣ አንዷ መስኮታችን ወደ ግቢው ታያለች፤ ፀሐይ በበጋ ለአንድ አፍታ ጎራ ብላ ትሄዳለች እንጂ፣ የቀረውን ጊዜ ቤታችን የሚሸተው በረኪና፣ እርጥብ ድንጋይና ከላይ ፎቆች የሚወርድ የነጭ ሽንኩርት ጥብስ ነበር። እናቴ ጠዋት ሰው ቤት ሠርታ ከሰዓት ስትመለስ፣ ገና የግቢውን በር ሳታልፍ "አቤ!" ብላ ትጣራለች። አባቴን አበበ ብሎ የሚጠራው ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሚያድስለት ፖሊስ ብቻ ነበር፤ ለሌላው ሁሉ አቤ ነው። እሱም የትኛውም ደረጃ ላይ ይሁን መጥረጊያውን እንደያዘ "አቤት" ይላል።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ተከራዩ። ስለ ሩዝ በሽታ ሲመራመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አግብተው የማያውቁ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን ለድመት እንኳን የሚያነሡ ሰው ነበሩ። አባቴ በቺቶፎኖው፣ በበሩ የደወል ሰሌዳ ላይ፣ ስማቸውን ሊለጥፍ ማን ልበል ብሎ በጣልያንኛ ጠየቃቸው። "አቤ" አሉት። ጠሩኝ ብሎ "አቤት?" አላቸው። እሳቸውም ያልሰማቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "አቤ" አሉ። አባቴ አቤስ እኔ ነኝ፣ የጠየቅኩት የርስዎን ስም ነው አለ፤ ሰውየው ደግሞ በር ጠባቂው የሚያሾፍባቸው መስሏቸው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ነገሩ የተፈታው ሁለቱም መታወቂያቸውን አውጥተው ቺቶፎኖው ላይ ጎን ለጎን ሲያስደግፉት ነው። አባቴ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ሲያወራ የጃፓናዊውን መደንገጥ በፊቱ እየሠራ ስለነበር፣ ያላየሁትን ያየሁት ያህል አስታውሰዋለሁ።

አንደኛ ፎቅ የነበሩት ሲኞራ አሱንታ፣ በሕንፃው ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ከመስኮታቸው የሚከታተሉ ባልቴት፣ ያንኑ ሳምንት መፍትሔ አበጁለት። ጃፓናዊው አቤ ዲ ሶፕራ፣ የላይኛው አቤ፣ አባቴ ደግሞ አቤ ዲ ሶቶ፣ የታችኛው አቤ ተባሉ። ፖስተኛውም፣ የጋዝ ሠራተኛውም፣ በመጨረሻ እኛም በዚሁ ጠራናቸው።

እሑድ ከሰዓት የላይኛው አቤ ወርደው ከአባቴ ጋር ግቢው ውስጥ ይቀመጡ ነበር። አቤ የቤተሰባቸው ስም እንደሆነ፣ በአገራቸውም ብርቅ እንዳልሆነ የነገሩን እዚያ ተቀምጠው ነው። ልጅ ሳሉ በክፍላቸው ሌሎች አቤዎች እንደነበሩ፣ በሥጋ ግን እንደማይዛመዱ፣ መምህሩ አንዱን ሲጠራ ሁሉም ብድግ እንደሚሉ፤ አቤ የሚባል ወንዝ እንዳለ፤ በትልቅ ከተማ መሐል በዚሁ ስም የሚጀምር ሰፈር እንዳለ። አንድ አቤ ከሌላው የሚለየው በአጻጻፉ ነው ብለው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሳሉልኝ፤ ድምፁ አንድ ነው፣ ፊደሉ ግን ብዙ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ፊደል እማር ስለነበር አልፋውን አ እና ዐይኑን ዐ ጎን ለጎን ጻፍኩላቸው፤ የኛም አንድ ድምፅ ሁለት ቤት አለው አልኳቸው። ያን ያህል የተደሰተ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ወረቀቱን አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እህታቸው ከጃፓን ጣፋጭ ስትልክላቸው ይዘውልን ይወርዱ ነበር፤ ከሩዝ የተሠራ፣ እንደ ጆሮ ጫፍ የሚለሰልስ፣ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት። ስሙም በዚያው በአቤ ወንዝ የተሰየመ ነው፤ ድሮ የወንዙ አጠገብ ሰዎች ለአንድ ገዢ ይህን ጣፋጭ ሲያቀርቡለት፣ ዱቄቱ ከወንዙ የወጣ የወርቅ ትቢያ ነው ብለው አስቀውት ነበር ይባላል። እናቴ ቀምሳ ዱቄቱን በጣቷ እያሸች ይሄ በሶ ነው ብላ ፈረደች፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ጭኮ እየሠራች ወደ አራተኛ ፎቅ መላክ ጀመረች። የላይኛው አቤ ከአማርኛ የያዟት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። እናቴ ከበር "አቤ!" ስትል፣ አባቴ ከታች "አቤት" ሲል፣ ከላይ ደግሞ መስኮት ይከፈትና የሳቸው ቀጭን "አቤት" ትወርዳለች። እናቴ በየቀኑ ትስቃለች፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደማይሰለች እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ይህ ለጥቂት ዓመታት ቆየ።

የመጀመሪያ ደረጃን ጨርሼ አዲሱን ትምህርት ቤት በጀመርኩበት መከር፣ አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ብርቄ ከክፍል ሊያስወጡኝ መጡ። እትዬ ብርቄ የአገራችን ሰዎች በሚሰበሰቡበት ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ የነበራቸው፣ ሰርግም ሐዘንም ያለሳቸው የማይሆን ሴት ናቸው፤ እናቴ ሥራ ሲበዛባት ከትምህርት ቤት የሚያመጡኝ እሳቸው ስለነበሩ መምህሯ አልጠየቀችም። የዚያን ቀን ቦርሳዬን ተሸከሙልኝ፣ ሳልለምን ፒሳ ገዙልኝ፣ እጄን እንደ ሕፃን ያዙኝ። ፊታቸውን ግን አያሳዩኝም። አባዬ ደህና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ትንሽ አሞት ነው፣ ልጄ። አይዞሽ" አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አያቴ አዲስ አበባ ሲያርፉ ለእናቴም ትንሽ አሟቸው ነው የተባለችው። ስለዚህ አወቅኩ። ፒሳውን አልጣልኩትም፣ አልበላሁትምም፤ ዘይቱ በወረቀቱ አልፎ መዳፌ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ትራሙ እየተንቋቋ፣ ከፊታችን አንድ ሰው ብርቱካን ጥሎ እየለቀመ፣ ያን መንገድ ሄድኩት። አባቴ ጠዋት ካልሲዬን ከማሞቂያው ላይ አንሥቶ እንደሰጠኝና መልሼ ደህና ዋል እንዳላልኩት አስብ ነበር።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ተሰብስበው፣ ከየሥራቸው ሸሚዛቸውን እንኳን ሳይቀይሩ የመጡም ነበሩባቸው፣ ለቅሶው ተጀምሮ ነበር። "አቤ! አቤ!" እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔንም ሲያዩ ብሶባቸው ጮኹ። በዚህ መሐል ከደረጃው አባቴ ወረደ።

ሰማያዊ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የአራተኛ ፎቁን ቁልፍ በእጁ ይዞ ነበር። ለቅሶው ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። አንዷ አማተበች። እትዬ ብርቄ ጠጋ ብለው ፊቱን ዳሰሱት፤ ቀጥሎ በሁለት እጃቸው ደረቱን መቱትና ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ካፖርቱ ውስጥ ገባሁ፤ በረኪና ይሸት ነበር።

የላይኛው አቤ ጠዋት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያረፉት። ያገኛቸው አባቴ ነው፤ ፖስታ ይዞ ወጥቶ ደውሎ ዝም ሲሉት። አምቡላንሱ በር ላይ ቆሞ ያየች አንዲት የኛ ሴት ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ፣ ሲኞራ አሱንታ እያለቀሱ አቤ ሞተ አሏት፤ በድንጋጤ የላይኛው የታችኛው ማለቱን ረሱት። ወሬው ቪያ ቮልቱርኖ እስኪደርስ የቸኮለውን ያህል ሊያርመው የሄደ ሰው አልነበረም። እናቴም እውነቱን የሰማችው ከሥራ ስትመለስ አባቴ ራሱ በሩን ሲከፍትላት ነው።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ ደስ ብሏቸዋል፣ ደስታቸውንም የሚያደርጉበት ጠፍቷቸዋል። ያን ጊዜ አባቴ ተናገረ። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም።

"ለአቤ ልታለቅሱ ነው የመጣችሁት፤ አቤም አርፈዋል" አለ። "እዚህ አገር አልቃሽ የላቸውም። ይዛችሁ የመጣችሁትን እንባ ይዛችሁ አትመለሱ። ተቀመጡ።"

መጀመሪያ የተቀመጡት እትዬ ብርቄ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ።

ሦስት ቀን ግቢው ውስጥ ሐዘን ተቀመጥን። አግዳሚ ከቡና ቤቱ ተዋስን፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሲኞራ አሱንታ በትልቅ ድስት ሾርባ አወረዱ፤ ከሥራ የወጣ ሁሉ ማታ ማታ ጎራ ይላል። ቄሱ መጥተው ሟቹ ስላልተጠመቁ ፍትሐት ማድረስ እንደማይችሉ ለአባቴ ነገሩት፤ ማልቀስ ግን ማንም አልከለከለም ብለው እሳቸውም አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ሙሾ የሚያወርዱት እትዬ ብርቄ ሰውየውን ለቁም ነገር አንድም ቀን አነጋግረዋቸው አያውቁም፤ ግን ከሩቅ አገር መጥቶ፣ አርጅቶ፣ ውሃ የሚያቀብለው ሳይኖር ብቻውን የሄደ ሰው እያሉ ሲጣሩ ግቢው በሙሉ ይነፋረቃል። ልጅ ብሆንም የሚያለቅሱት ለሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። አብዛኞቹ በሰው ቤት፣ በሰው አሮጊት አልጋ አጠገብ፣ በጠባብ ክፍል የሚያድሩ ሴቶች ናቸው፤ ያን ሞት እያንዳንዷ ታውቀዋለች፣ ማታ መብራት ስታጠፋ አስባዋለች።

በሦስተኛው ቀን እህታቸው ከጃፓን ገባች። ጥቁር የለበሰች፣ እንደሳቸው ቀጭን፣ ትንሽዬ ሴት። ሻንጣዋን እየጎተተች ከበሩ ስትዘልቅ ነጭ የለበሱ የማታውቃቸው ሰዎች የወንድሟን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። ቆመች። ሻንጣዋን ለቀቀችው። ማንም ሊያስረዳት አልቻለም፣ ማስረዳትም አላስፈለገም፤ አቤ የሚለው ከእንባው ጋር በደንብ ይሰማል። አባቴ ተነሥቶ እሳቸው እንደሚያደርጉት ጎንበስ አለላት፣ እሷም ጎንበስ አለች፤ ሁለቱ ሲጎነባበሱ ማን መጀመሪያ ቀና እንደሚል ጠፍቷቸው ቆዩ። ከዚያ አባቴ ወደኛ ዞሮ "ይቺም አቤ ናት" አለ። ሁሉም ተነሡላት። እትዬ ብርቄ ቦታ ለቀውላት እግዜር ያጽናሽ አሏት፤ እሷም በመካከላቸው ተቀምጣ ንፍሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ከዚያም እስከዚያ ድረስ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። አስከሬኑ እንደ አገራቸው ወግ ተቃጥሎ አመዱ በነጭ ጨርቅ በተጠቀለለ ሣጥን ሲመጣ እናቴ ዘገነናት፤ አባቴ ግን ሣጥኑን ከደረቱ ጋር አስጠግቶ እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከመው፣ አስቀመጠላት፣ መኪናው ከታጠፈም በኋላ እዚያው ቆመ።

በማግስቱ እናቴ ከሥራ ስትመለስ በለመደ አፏ "አቤ!" አለች። ከታች ብቻ ተመለሰላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበር መጣራቱን ተወችው።

አባቴ የሞተው ባለፈው ዓመት ክረምት ነው፣ ሆስፒታል፣ እናቴ ካረፈች ከብዙ ዓመት በኋላ። ሕንፃው ፖርቲዬሬ ካስቀረ ቆይቷል፤ ሁለቱ ክፍሎቻችን ለቱሪስት የሚከራዩ ሆነው በራቸው ላይ ቁልፍ የሚደበቅበት ሣጥን ተሰቅሏል፣ ግቢው ውስጥ መቀመጥም ክልክል ነው። ስለዚህ ሐዘን የተቀመጥነው በእኔ አፓርታማ ሳሎን ነው። መርዶውን በስልክ ጻፍኩት፤ መልሱም በስልክ መጣ፣ ከጀርመን፣ ከለንደን፣ ከካናዳ፣ የሻማና የርግብ ሥዕል ተጨምሮበት። የዚያን ጊዜዎቹ ሴቶች ገሚሶቹ ከመሬት በታች ናቸው፤ እትዬ ብርቄ ልጃቸው ጋ ስቶክሆልም ሆነው ማን እንደሞተ ቢነግሯቸውም አያስታውሱም። ቀኑም የሥራ ቀን ነበር። ከጎረቤት የተዋስኳቸው ወንበሮች አብዛኞቹ ሰው ሳይቀመጥባቸው ዋሉ።

ከሰዓት ላይ፣ የመጡትን ሸኝቼ ስመለስ፣ ደረቴ ውስጥ የነበረው ነገር ወጣ፤ እንደነዚያ ሴቶች እጆቼን አንሥቼ "አቤ!" ብዬ ጮህኩ። ልጄ ከክፍሉ ሮጦ መጣ። ደግ ልጅ ነው፣ አያቱንም ይወድ ነበር። አቀፈኝና በጣልያንኛ፣ እማዬ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው። አባቴን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አለቀስኩት።