ቀለሃ የቆረጥኩበት ጠረጴዛ

የጥይት ቀለሃ ለመቁረጥ የግድ ቶርኖ የሚያክል ማሽን ያስፈልጋል የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። እኔ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ በአንዲት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀለሃዎቼን ሁሉ የቆረጥኩት ኪስ ውስጥ በምትገባ ዕቃ ነው። የተኩስ ሜዳው ወንዶች ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ እጀታ ያለው፣ ቁጥር የተጻፈበት መቁረጫ ነበራቸው። የእኔን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ። አንዱማ እርሳስ መቅረጫ ነው ወይ ብሎኛል። ይበል። የእሱም ጥይት የእኔም ጥይት የሚበሳው ያንኑ ወረቀት ነበር።

ነገሩ የመሣሪያ ፍቅር አልነበረም፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ማውንቴን ቪው ባለ አንድ ኩባንያ በር ላይ የሌሊት ጥበቃ ነበርኩ፤ በእኛ አፍ ዘበኛ ማለት ነው። የምይዘው የእጅ ባትሪና ሬዲዮ ብቻ ነው። ማታ ስወጣ ልጄ ገና እራቷን ትበላለች፣ ጠዋት ስመለስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እዚያው ኦክላንድ፣ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ የቀን ጥበቃ ሥራ ነበረ፤ ግን የታጠቀ ጥበቃ ካልሆነ አይቀበሉም። ለመታጠቅ ደግሞ የተኩስ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። አንዴ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። የወደቅኩት ሴት ስለሆንኩ አይደለም፣ ስላልተለማመድኩ ነው፤ ያልተለማመድኩትም የሱቅ ጥይት ዋጋው አልቀመስ ብሎኝ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቀን ሠርቼ፣ ማታ ቤቴ ሆኜ፣ ልጄን በገዛ እጄ ማስተኛት።

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ይነዳል፣ እርሳሱ ይሄዳል፣ ናሱ ቀለሃ ግን ይቀራል። ሰው ሜዳው ላይ ጥሎት የሚሄደውን ቀለሃ በባልዲ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ቅርጹን አስተካክዬ፣ እንደገና ሞልቼ እተኩሰዋለሁ። ችግሩ ከየሰው የተለቀመ ቀለሃ ቁመቱ አንድ አለመሆኑ ነው። ረጅሙን እንዳለ ከሞላሁት አፉ እርሳሱ ላይ ሲጨመቅ ጎኑ ያብጣል፤ ያበጠ ጥይት ደግሞ ለልምምድ ቆጥቤ የገዛሁት ሽጉጥ ውስጥ አልገባም ብሎ ይገተራል። ሰዓት ተይዞ የሚተኮስ ተኩስ ላይ ይሄ ከሆነ ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቁመት ላይ መቁረጥ አለብኝ።

መቁረጫዋን ልገዛ የሄድኩ ቀን የሱቁ ሻጭ ትልቁን ማሽን አወረደልኝ። ለጀማሪ፣ በተለይ ለሴት፣ ይሄ ይሻላል አለ። ዋጋውን አይቼ ሳቅኩና ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣችውን ትንሽ ፓኬት አነሳሁ። ከፓኬቱ የወጣው ጥርስ ያላት ቁራጭ ብረት ናት፤ ከመሐሏ ቀጭን ዘንግ ወጥቶላታል። ከእሷ ጋር የቀለሃውን ቂጥ ጨብጣ የምትይዝ ሌላ ብረት አለች። ዘንጉ በቀለሃው ሆድ አልፎ፣ ከታች ባለችው ቀዳዳ ብቅ ብሎ ጨባጯን ሲነካ ጥርሶቹ መቁረጥ ያቆማሉ። በቃ ይኸው ነው። መለካት የለ፣ ማስተካከል የለ፤ ከልክ በላይ ልቁረጥ ብትሉ እንኳ እምቢ ትላችኋለች። ጠባያችን ስለገጠመ ወደድኳት።

ማዞሪያው ከሳን ሆዜ ፍሊ ማርኬት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ያገኘሁት፣ እንደ እንቁላል መምቻ በእጅ የሚዞር አሮጌ ድሪል ነው። ጨባጯን ከነቀለሃዋ ድሪሉ አፍ ላይ አስራለሁ፤ ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ ስላልነበረኝ ድሪሉን ጭኔ መሐል ጨምቄ እይዘዋለሁ። በአንድ እጄ አዞራለሁ፣ በሌላው መቁረጫዋን ቀለሃው አፍ ውስጥ እገፋለሁ። ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ስለት በሾጣጣ መፋቂያ ከውስጥም ከውጭም ማንሳት ነው። ጥሩ ሲቆረጥ ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ በኋላ ጸጥ ይላል። እጄ ይህን ከለመደ በኋላ ሬዲዮ እያዳመጥኩ እሠራው ነበር።

እማማ የምላቸው ሴት አብረውን ይኖሩ ነበር። ዘመዴ አይደሉም። ሱዳን ሳለን አንድ ግቢ ነበርን፣ እዚህም ስንመጣ አንድ ቤት ተከራየን። እኔ ሥራ ስወጣ ከልጄ ጋር የሚያድሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ባይኖሩ የሌሊቱንም ሥራ አልሠራም ነበር። ዕቃዬን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ ብድግ ብለው መኝታ ክፍላቸው ይገባሉ። ስጨርስ ይወጡና ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ይወለውሉታል። አንድ ቀን የልጄ ካልሲ ላይ የናስ ፍቅፋቂ አግኝተው መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ አነጥፍ ጀመር። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ድሪሉን እንደያዝኩ ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። አንደኛው እዚያው ኦክላንድ ታክሲ ይነዳሉ። ሁለተኛው ፓሎ አልቶ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራሉ። ሦስተኛው ሳን ሆዜ ትንሽ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሙስሊም ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግቡ አልኩ፣ ገቡ። ተቀመጡ አልኩ፣ አልተቀመጡም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌ ለከባድ ጉዳይ ሲላክ የመጣበት ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፤ ባለቤቱም ትልቅ ሰው ቆሞ ማየት ስለሚያሳፍረው ቶሎ እሺ ይላል። ወጉ እንዲህ ነው።

ባለታክሲው ጀመሩ። ጥይት ትሠራለች የሚባል ነገር ሰምተናል፣ ለየትኛው ድርጅት እንደሆነ ግን አላወቅንም አሉ። ያን ጊዜ የእኛ ሰው ሁሉ ወይ የአንዱ ድርጅት ነው፣ ወይ የሌላው ነው ተብሎ የተጠረጠረ ነው። በሻንጣ ወደ አገር ቤት ትልካለች ያለም አለ ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ። በባልዲ የተለቀመ የሽጉጥ ቀለሃ የትኛውን መንግሥት ነው የሚጥለው? ይህንኑ ጠየቅኳቸው። የሆስፒታሉ ሰውዬ አልሳቁም። «ይሄ ሲሪየስ ነገር ነው፣ ልጄ። ላንድሎርዱ ቢሰማ ኢቪክት ያደርግሻል፣ ከቤቱ ያስወጣሻል» አሉኝ።

ለድርጅት አይደለም፣ ለራሴ ነው አልኩ። እንግዲያው ተዪው አሉ። ሥራዬ ነው አልተውም አልኩ። ካልተውሽ አንቀመጥም አሉ። «እንግዲያው ቁሙ» አልኩና እኔ ተቀመጥኩ።

ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ተናድጄ ነበር። ይህን ብተው ከሦስቱ አንዳቸውም በእኔ ፋንታ ማውንቴን ቪው ሄደው በብርድ አይቆሙልኝም። አንድ ቀለሃ አንስቼ ጨባጯ ላይ አሰርኩና ማዞር ጀመርኩ። እነሱ ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ፣ ድሪሉ እየተንጫጫ ብዙ ቆየን። የቆረጥኩትን በግራ፣ ያልቆረጥኩትን በቀኝ እደረድራለሁ። ባለሱቁ ክብደታቸውን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ባለታክሲው ሳይወዱ በግድ አንገታቸውን አስግገው መቁረጫዋን ሲያዩ ቆዩና፣ ይቺው ናት በቃ አሉ። ፋብሪካ ጠብቀው ነበር መሰለኝ፣ ትንሽ ቅር አላቸው።

እስቲ ማን ነው የላካችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ሳያስቡት ወደ መኝታ ክፍሉ በር ተመለከቱ። እማማ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ደሜ ፈላ። በአንድ ትሪ እየበላን፣ ልጄን በአንድ አልጋ ይዘዋት እያደሩ፣ ሽማግሌ ላኩብኝ። ባዕድ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ምነው ራስዎ ቢነግሩኝ አልኳቸው።

«በምን አፌ ልንገርሽ?» አሉ። «ልጄን ገድለው ሬሳውን ስጡኝ ብል የተተኮሰበትን ጥይት ክፈይ አሉኝ። ከፍዬ አነሳሁት። አንዴ ጥይት ገዝቻለሁ፤ ሁለተኛ እኔ ያለሁበት ቤት አይገባም ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ ልጅሽ በምትበላበት ጠረጴዛ ላይ ትሠሪዋለሽ።»

ድሪሉን አስቀመጥኩ። ልጅ እንደሞተባቸው አውቅ ነበር፤ ይህን ግን ነግረውኝ አያውቁም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እዚያች ላይ እሺ ብል ሁሉም ይመርቁኝ ነበር፣ እኔም ደግ ሴት እባል ነበር። ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ።

«እማማ» አልኩ፣ «ጥይት እኔም እፈራለሁ። ግን ሌሊት ሌሊት ባዶ እጄን በር ላይ ቆሜ ነው የምፈራው። የርስዎን ልጅ የገደሉ ሰዎች እዚህ ድረስ መጥተው ልጄን እናቷን አይከለክሏትም።»

እማማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና «ተቀመጡ፤ እሷ እሺ አትልም። ጉልበታችሁን አትጨርሱ» አሏቸው። ባለሱቁ ከሁሉም ቀድመው ተቀመጡ። እማማ ሻይ አፈሉላቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቋቸው፣ እስከ ደረጃው ሸኟቸው። እኔ ቀለሃዬን ወደ ባልዲው መለስኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠረጴዛውን ለቀቅኩላቸው፤ ሥራዬን ግን አልለቀቅኩም። የኋላ በረንዳ ላይ፣ ባዶ የወተት ሳጥን ገልብጬ፣ ነፋስ ጋዜጣውን እየገለበጠብኝ ቆረጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ሄጄ ተኮስኩ። ወንዶቹ አሁንም ፈገግ ይላሉ፣ እኔም አሁንም ቀለሃቸውን ከእግራቸው ሥር እለቅማለሁ። እማማ ነገሩን አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ልጄን እንደ ወትሮው ያበሏታል፣ ያስተኟታል፣ ፀጉሯን ይሠሯታል። ረስተውታል ብዬ አሰብኩ።

ፈተናውን አለፍኩ። ፈታኙ የተበሳውን ወረቀት አይቶ የምፈርምበትን ቦታ አሳየኝ። ከፍ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ፤ ሰው በልፋቱ መኩራትን ለምን እንደሚያፍርበት አይገባኝም። የቀኑን ሥራ ሰጡኝ። ቤት ስገባ ልጄን አቅፌ አሽከረከርኳትና ለእማማ ነገርኳቸው።

«ከእንግዲህ ማታ ማታ ቤት ነሽ?» አሉኝ።

«ቤት ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ልጅሽን አንቺው አስተኚያት» አሉና መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ሲወጡ ሻንጣ ይዘዋል። የታሸገው ያን ቀን አልነበረም። ሳን ሆዜ የእህታቸው ልጅ ቤት ሊሄዱ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ያን ሁሉ ጊዜ አብረውን የቆዩት ልጄ ሌሊት ብቻዋን እንዳትሆን ነው እንጂ፣ የተናገሩትን ለአንድ ቀንም አልተውትም ነበር።

ለመንኳቸው። አልቅሼም ለመንኳቸው። ሽጉጡንና ጥይቱን ከቤት ካወጣሁ እንደሚቀሩ ነገሩኝ። ሽጉጡ የራሴ ነው፣ ሥራ ቦታ አይቀመጥም፤ ሽጉጡ ከወጣ ሥራውም ይወጣል። ይህን አስረዳኋቸው። ገብቷቸዋል። የገባው ሰው ሁሉ እሺ አይልም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በኒሚትዝ አውራ ጎዳና ይዣቸው ወረድኩ። እሳቸው ከጎኔ፣ ልጄ ከኋላ ናት። የእህታቸው ልጅ መንገድ ውስጥ ስንገባ ልጄ ወደ ፊት ጠጋ ብላ «እማማ፣ ዌን አር ዩ ካሚንግ ባክ?» አለች።

«እናትሽ እሺ ስትል» አሏት።

ልጄ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ማሚ፣ ጀስት ሴይ እሺ» አለችኝ። መኪናውን አቆምኩ፣ ሻንጣቸውን እስከ በሩ ተሸከምኩላቸው፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሺ ግን አላልኩም።