ከምርጦቹ የተጣሉት

አጎቴ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ካሴት ይቀዱ ነበር። የሚወዱት አንድ የውጭ ሮክ ባንድ ነበረ፤ «ምርጥ ዘፈኖች» የሚለው ካሴቱ ግን ያናድዳቸዋል። «ምርጥ እያሉ ስንቱን ጣሉት!» ይላሉ። ያንን ለደንበኛ ሲቀዱ፣ መጨረሻ ላይ በተረፈው ክር ከተጣሉት አንዱን ሳይታዘዙ ይጨምሩበታል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን አዘዘዎት?» ሲባሉ፣

«ቦታ ተርፎ ዝም ይባላል እንዴ? እሱስ ምን አጠፋ?»

ባለፈው ወር ቀብራቸው ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘመዶች «አሳጥረው» ስላሉኝ ትውልዳቸውን፣ ትዳራቸውን፣ ልጆቻቸውን ብቻ ጻፍኩ። ይህን አመላቸውን ተውኩት። ዛሬ ሱቃቸው ፈርሷል፤ የእሳቸውን ካሴቶች የሚያጫውት ቴፕ አጣሁ፤ የተጣሉትን ዘፈኖች ለይቶ የሚያውቅም የለም።

ቀብሩ ላይ የተነበበው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ግርጌው ላይ አራት ጣት የሚያህል ቦታ ተርፏል።