ስፌቱ በውጭ በኩል

ሰፈርተኛው «ሚሊሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ደንበኛው «ይኼን ማን ያየዋል፣ ተወው» እያለው የተሰፋ እጅጌ ፈትቶ እንደገና የሚሰፋ ችኮ። ለእሱ የልብስ ውስጥ እንደ ሰው ገበና ነው፤ ክር ወደ ውጭ ከታየ ሙያው ተዋረደ።

ታዲያ የዚህ ሰው ልጅ ልብስ ገላዋ ላይ አይቆይም። የስድስት ዓመት ልጅ ናት። አለበስናት ሲሉ አውልቃ ትወረውራለች፤ ኮሌታውን እየጎተተች እሪ ትላለች። ጎረቤቶች «ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» እያሉ ይስቁበታል። አያቷ ቅብጠት ነው አሉ። እሱም ቅብጠት መስሎት ስንቴ ተቆጥቷታል።

ነገሩ የተገለጠላቸው ጤና ጣቢያ ነው። ነርሷ ልጅቷ ኦቲዝም እንዳለባት፣ ጥፋቱ የማንም እንዳልሆነ፣ ሌላው ልብ የማይለው ድምፅ ወይም ንክኪ እሷን በጣም ሊያስጨንቃት እንደሚችል ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። እናቷ አለቀሰች። አባትየው ግን ቤት እንደገባ የልጁን ቀሚስ አንስቶ የውስጡን ስፌት በገዛ አንገቱ ላይ ፈተገው። ይኮሰኩሳል። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ዓይን ሲደብቀው የኖረው ሁሉ የሚያርፈው ለካ ቆዳ ላይ ነው።

ትምህርት ሊጀመር ነው። ትምህርት ቤቱ ሊቀበላት ፈቅዷል፤ ያለ ዩኒፎርም ግን አይሆንም ብሏል። እሷ ደግሞ አባቷ የሰፋላትን ሁለት ዩኒፎርም አሽቀንጥራ ጥላለች። ለሦስተኛው ጨርቁን እስኪለሰልስ ደጋግሞ አጠበው፤ ኮሌታውን ተወው፤ ከዚያ የሱቁን መጋረጃ እንደ ሌባ ዘግቶ ስፌቱን በሙሉ በውጭ በኩል ሰፋው። ልጅቷ ለበሰችው። እጅጌውን ጉንጯ ላይ አሻሸችው፤ አላወለቀችውም።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር በወላጅ ተሞልቷል። አፏ የማያርፍ አንዲት ደንበኛው ገና ከሩቅ አየችው።

«ሚሊሜትር፣ ዛሬስ ጉድ ፈላብህ! ልጅህን ገልብጠህ ነው እኮ ያለበስካት።»

ሰው ሳቀ። የልብስ ሰፊው ፊት ጋለ። ቸኩለን ነው ብሎ መገላገል ይችል ነበር፤ ቃሉም አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ሁለት ጣቶቹን ጨብጣ ቆማለች።

«አልተገለበጠም፤ እንዲህ አድርጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ልጄ ኦቲዝም አለባት። ስፌት ሲነካት ያማታል።»

ሳቁ ቆመ። ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ኦቲዝም ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከነርሷ የሰማውን ነገራት፤ ሌሎቹም ቀረብ ብለው አዳመጡ። እንዲህ በሰው ፊት ስለ ልጁ ሲያወራ የመጀመሪያው ነበር፤ ሲጨርስ ቀለል አለው።

ግማሽ ቀን ሙሉ ስልኩን ሲጠብቅ ዋለ፤ ኑና ውሰዷት ይሉኛል ብሎ ሲሰጋ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ በካውያ አቃጠለ። ማንም አልደወለም። ሊወስዳት ሲሄድ መምህሯ፣ ብዙ ባትቀመጥም ግድግዳውን ይዛ እየዞረች ከክፍሉ ሳትወጣ መዋሏን ነገረችው።

ማታ እናቷ ዩኒፎርሙን ልታወልቅላት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ቀሚሱን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችው።

«የኔ» አለች።

ስለ ልብስ እንዲህ ብላ አታውቅም። አባቷ ዓይኑ እንባ ሞልቶ «ተያት፣ ትተኛበት» አለ። በማግስቱ ልጅቷ በተጨማደደው ዩኒፎርም ትምህርት ቤት ሄደች፤ ሚሊሜትርም በኩራት ከጎኗ ነበር።