አንድ ሸሚዝ፣ ግማሽ እንጀራ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ከቤቴ ደጃፍ ተያዝኩ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ስልኬን ተቀብለው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። ስልኩ ውስጥ ለዘገባ የቀረጽኩት፣ ቤቷ የፈረሰባት ሴት ድምፅ ነበር። ማንነቷን ላልናገር ቃል ገብቼላታለሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የላብና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ አለው። አጠገባቸው ቦታ የሰጡኝ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የታሰሩት የሰፈራቸው ቤቶች እንዳይፈርሱ ፊርማ ሲያሰባስቡ ነው።

"እዚህ ስንቅ ተደባልቆ ነበር የሚበላው፤ እኚህ ኢንቨስተር አስቀሩት" አሉኝ።

"ኢንቨስተር" ያሉት በግብር ጉዳይ የታሰረውን የብረታ ብረት ነጋዴ ነው። እሱም አላፈረም።

"የጋራ ሲባል የሚያመጣው አነሰ፣ የሚበላው በዛ። የሰው ቤተሰብ ልቀልብ ነው የታሰርኩት?"

"ቤታቸው የፈረሰባቸው ከየት ያምጡ?" አሉ መምህሩ።

"ይሥሩ፣ ጓድ! ሸሚዜን ላጠበልኝ ግማሽ እንጀራ ከነወጡ እሰጣለሁ። ልመና የለ፣ ውለታ የለ።"

"ሳሙናው የማን ነው?"

"የኔ።"

"ውሃውስ?"

"ውሃው የመንግሥት ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም።

ቀትር ላይ መርማሪው አስጠራኝ። "ሚስትህ ምሳ ይዛ በር ላይ ቆማለች። የስልኩን ፓስዎርድ ንገረኝና ይግባልህ።"

አልነገርኩትም። ምሳው ተመለሰ። ረቡዕም ተመለሰ።

መምህሩ ስንቃቸውን ስንቅ ለማይገባላቸው ሦስት የቀን ሠራተኞች ያካፍሉ ነበር። አራተኛ ሆንኩባቸው። ሐሙስ ረፋድ ሳህኑን ወደ እኛ ገፍተው "ጠግቤያለሁ" አሉ። አንድም አልጎረሱም።

ተነስቼ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ።

"አንተማ እንግዳዬ ነህ፣ ና ብላ" አለኝ።

"ሸሚዝህን ስጠኝ።"

"ኧረ በማርያም! የተማረ ሰው ልብሴን ሊያጥብ?"

"ለሌሎቹ በምትከፍለው ዋጋ።"

ትንሽ አየኝና ሸሚዙን ወረወረልኝ። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብዬ ኮሌታውን ፈተግኩ። የቀን ሠራተኞቹ ያዩኛል። ነጋዴው ግማሹን እንጀራ ከነሽሮው በወረቀት አድርጎ ሰጠኝ። መምህሩ ፊታቸውን አዞሩ።

"ዋጋ እንኳ አልተከራከርክም" አሉ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው እንደገና ጠራኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"አልራበህም?"

"በልቻለሁ።"

"ማን ሰጠህ?"

ሳሙና ያጨማደደውን እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ሠርቼ ነው የበላሁት።"

የቀረጽኳትን ሴት ስም ጠየቀኝ። አልነገርኩትም። እጄን አየ። ከዚያ ፖሊሱን ጠርቶ መለሰኝ።

መምህሩና ነጋዴው እስክወጣ ድረስ ሲከራከሩ ነበር። የትኛው ልክ እንደሆነ ዛሬም ሰዎች ይጠይቁኛል። እኔ ከሁለቱም እጅ በልቻለሁ፤ ከመምህሩ እጅ የበላሁት ግን እሳቸው ጾማቸውን ውለው ነው።

በዋስ ስወጣ ስልኩ አልተከፈተም ነበር። ሴትዮዋን መጥቶ የጠየቃት ፖሊስ የለም።