ነፋሱ እዚያ፣ በረዶው እዚህ

በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ስዊድን ውስጥ ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር ስንኖር ከእኛ በር ፊት ለፊት አንዲት እናት ነበሩ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የደረሱ፣ ብቻቸውን ያረጁ ሴት ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም አሜሪካ፣ በባሕር ጠረፍ ባለች ከተማ ታክሲ ይነዳል። ስዊድንኛው ብዙም ስለማይገባቸው ከሥራ ስመለስ እሳቸው ቤት ጎራ ብዬ ዜናውን እተረጉምላቸዋለሁ።

በመስከረም መባቻ የአየር ትንበያ አቅራቢው ስለ መጪዎቹ ወራት ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ዘንድሮ በአትላንቲክ በኩል አውሎ ነፋስ ይበዛል አለ፣ እማማ። እዚህ ደግሞ በረዶው ቀድሞ ይገባል፤ ከባድም ነው።»

«በረዶውን ተይው፣ ለምደነዋል። ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚሄደው?»

ብዙ ጊዜ የሚያልፍበትን ካርታው ላይ በጣቴ አሳየኋቸው። የልጃቸው ከተማ መንገዱ ላይ ነበረች።

ወር ሳይሞላ ነፋሱ መጣ። ጣሪያቸው ብቻ ከውሃው በላይ የቀረ ቤቶችን በቴሌቪዥን አየን። የልጁ ስልክ አይጠራም። የእኔ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮምፒውተር ላይ ስሙን ትፈልጋለች።

«አገኘሽው?» ይሏታል።

«ኢንተ ኤን» ትላቸዋለች። ይህችን ስዊድንኛ ያውቋታል፤ «ገና ነው» ማለት ናት።

እህል ከአፋቸው ራቀ። ሶፋው ላይ ስልኩን ታቅፈው ይውላሉ፤ እዚያው ያድራሉ። በሕይወት ካለ ለኅዳር ጽዮን እዚህ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሄደው ጧፍ ሊያስገቡ እንደተሳሉ የነገሩኝ በዚያ ሰሞን ነው።

ቅጠሉ ረግፎ ሊያልቅ ሲል ስልኩ ጮኸ። አንስተው ሰሙና ለእኔ አቀበሉኝ። «እሱ ነው እንዴ? ጆሮዬን አላመንኩትም» አሉ። እሱ ነበር። መጠለያ ውስጥ ታሞ ከርሟል። ታክሲው፣ ቤቱ፣ ያለው ሁሉ ሄዷል፤ ነፍሱ ግን ተርፋለች። እናትየው ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

በረዶውም እንደተባለው ቀድሞ ገባ። የጽዮን ዕለት ማለዳ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ላይ አጣፍተው ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ መንገዱ አልተጠረገም። ቅዳሜ እኔው በመኪና አደርስዎታለሁ።»

«እሷ ልጄን ስትሰጠኝ ቅዳሜን ጠብቂ አላለችኝም» አሉና ወጡ።

ከሕንፃው በር ብዙም አልራቁም። ከአዲሱ በረዶ ሥር የነበረው ግግር አንሸራተታቸው። ስደርስ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ጧፉን አልለቀቁም። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ከዚያ የሳንባ ምች ያዛቸው። የገና በዓል ሳይደርስ አረፉ።

ልጁ በሰው እርዳታ ትኬት አግኝቶ፣ ለመኸር እንኳን በማይበቃ ስስ ጃኬት መጣ። የባለቤቴን ካፖርት አለበስነው። መቃብሩን ለመቆፈር በብርድ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን መሬት በማሽን ነው የሰበሩት።

ከቀብር መልስ እኛ ቤት ተቀምጦ፣ «ድምፄ በጠፋባቸው ጊዜ እንዴት ነበሩ?» አለኝ። ስለታቸውንም ጨምሬ፣ ሳልቀንስ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እኔ እኮ ደህና ነኝ ለማለት ብቻ ነበር የደወልኩት» አለ። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ወደ እናቱ ቤት ተሻገረ፤ በሩን ከውስጥ ሲቆልፈው ሰማሁ።