ረዘም ይበል የምትለው መሐንዲስ

በነዳጅ ኩባንያው ሦስተኛ ፎቅ የምትሠራው መሐንዲስ «ረዘም ይበል» የሚል ስም የወጣላት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሥራዋ አለት ውስጥ የተኛው ነዳጅ በምን መንገድ በብዛት እንደሚወጣ ማስላት ነው። ጉድጓዱ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፤ ነዳጁ ካለበት ንብርብር ሲደርስ ታጥፎ አግድም ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ብዙ አለት ይነካል፤ ብዙ ከነካም ብዙ ይሰበስባል። እሷም ስምንት መቶ ሜትር ሲባል «ትንሽ ረዘም ይበል» ትላለች፤ ሺህ ሲባልም ያንኑ። ባሏማ መጋረጃም ስታሰፋ ይኸው ነው አመሏ፣ ሳሎናችንን የሚጠርገው ጨርቁ ነው እያለ ያማታል።

የቁፋሮው ኃላፊ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ጠና ያሉ ሰው፣ ነገሩ አይዋጥላቸውም ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ ኮምፒውተር ላይ መስመር ትስያለሽ፤ መሰርሰሪያው ሲቀረቀር የሚያልበኝ እኔ ነኝ።»

«አንዴ ይላብዎት ጋሼ፤ ከዚያ በኋላ እኮ ነዳጁ ራሱ ነው የሚሠራልን።»

ከብዙ ሙግት በኋላ ሁለት ሺህ ሜትር አግድም ተቆፈረ። ነዳጁም እንደ ጉድ ጎረፈ። ያን ሰሞን ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ ቁመት የጨመረች ትመስል ነበር። ጋሼን ባገኘች ቁጥር «ላቡ ደረቀልዎት?» ትላለች፤ እሳቸውም ሻያቸውን እንደያዙ ያልፋሉ።

ዓመት ሳይሞላው ጉድጓዱ ውሃ ይተፋ ጀመር። መጀመሪያ ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው ብላ አስመረመረች፤ ቆጣሪው ደህና ነበር። መለኪያ ወደ ውስጥ አስወርዳ ስታይ ግን ነገሩ ገባት። ቧንቧው ሲረዝም በውስጡ የሚያልፈው ነዳጅ ፍትጊያ የመሳቡን ጉልበት ይበላዋል፤ መታጠፊያው አጠገብ ያለው ክፍል እንደ ልቡ ሲስብ፣ ጫፉ እንቅልፉን ይለጥጣል። በኃይል በተሳበበት በኩል ከነዳጁ ሥር ያለው ውሃ ሽቅብ ወጣ። ፍትጊያውን አስልታው ነበር፤ ርዝመቱን ስለወደደችው ግን አሳንሳ ገመተችው።

እራት ላይ ባሏ ፊቷን አይቶ «ምን ሆንሽ?» አላት።

«ጉድጓዴ ውሃ ገባበት።»

«አሳጥሪዋ ታዲያ።»

«እንደ መጋረጃ ይቆረጣል መሰለህ?» አለችና ሳትወድ ሳቀች።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ተነሣች። «የገመትኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ። ውሃ የሚያስገባውን ክፍል እንዝጋና አወጣጡን ቀስ እናድርገው። ለቀጣዩ ጉድጓድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ይበቃል። መታጠፊያው ጋ ነዳጁ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች እናጥብብ፤ ጫፉም ተራ ይድረሰው።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ሰውየው ብድራቸውን የሚመልሱበት ቀን ነበር።

«ሺህ አራት መቶ ብቻ?» አሉ ጋሼ። «አሞሻል እንዴ?»

ሳቁ ጋብ ሲል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነቱን ለመናገር እንደዚያኛው አርቄ ቆፍሬ አላውቅም። ለልጅ ልጆቼ ሁሉ ጉራዬን ነፍቼባቸዋለሁ። ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻሽ አትውሰጂው።»

እንዳለችው ተደረገ። የአሮጌው ውሃ ቀነሰ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። አዲሱ እንደ መጀመሪያው አልፎከረም፤ ነዳጁን ግን ሳያቋርጥ ለዓመታት ሲሰጥ ኖረ። ጋሼም ቁፋሮ ከመጀመራቸው በፊት ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ከጎኗ ወንበር መሳብ ለመዱ። እስከ ምሳ ሰዓት ንድፉ ላይ እየጫሩ ይጨቃጨቁና ሲወጡ እርሳሷን ይዘውባት ይሄዳሉ።